ኳሷ መረብ በነካች ማግስት

ኤፕሪል 6፣ እሑድ

ብዕሩን የያዘችው የልጄ ሚስት አኬዮ ናት፤ የኡዮማ አገር ልጅ። አፉ ግን የእኔ የዋሶንጋ ነው። እሷ አስተማሪ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። በጋዜጣ ላይ በልጄ የሚዋሹት ፊደል የቆጠሩት ናቸው። ትናንት የኪሱሙ አውቶቡስ ሹፌር ጋዜጣ ይዞ መጥቶ አነበበልን። «የምቡታ ዘመን እየመሸ ይሆን?» ይላል። ጥያቄ አስመስለው ነው የሚጽፉት፤ ፈሪዎች። እኔም ደብተር አስመጣሁ። ከእንግዲህ የራሴ ጋዜጣ አለኝ።

«ከጨዋታ በኋላ እየመጣሽ የምልሽን ትጽፊያለሽ። እንዳታሳምሪው» አልኳት።

«እንዳሉት እጽፋለሁ፣ አባባ። ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ምቡታ የሚሉት ልጄን ኦቢዬሮን ነው። ምቡታ በሐይቃችን ውስጥ ሌሎቹን ሁሉ የሚውጥ ትልቅ ዓሣ ነው። ስሙን ያወጣለት ሕዝቡ ነው፤ የሞምባሳ መርከበኞች የሚባለውን ቡድን በረኛ ከነታቀፋት ኳስ ገፍቶ መረብ ውስጥ የከተተው ዕለት። ዳኛው ሻረው፤ ስሙን ግን ማን ይሽረዋል? ካምፓላ ላይ በግንባሩ ያስቆጠራት ጊዜማ ባለ አገሮቹ ራሳቸው ተነሥተው አጨበጨቡ ተብሏል። የኛ ቡድን፣ የሐይቁ ልጆች፣ ዋንጫ በወሰደ ቁጥር ወይ በሱ ቀኝ እግር ነው ወይ በግራው። ሁለቱንም እግር የሰጠሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ኳሱንም የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ ያረጀ የዓሣ መረብ ጠቅልዬ። ከመረብ የተሠራ ኳስ መረብ ቢናፍቅ ምን ይገርማል?

ዛሬ አንድ ለዜሮ አሸንፈናል። ጎሉን ያገባው ዋንጃላ የሚባል ትናንት የተወለደ ነው። የሬዲዮው ሰው «ምቡታ ያቀበለውን» አለ። ማቀበል ደግሞ ሥራ ነው? ማቀበል መምታት ያቃተው ሰው ሥራ ነው። ይህን ጻፊ። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ልጄ ጎል አላገባም። ሜዳው ጭቃ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ

ኦቢዬሮ መጣ።

ሬዲዮ ስሙን የሚጠራው ሰው፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው፣ ሲመጣ የሚያድረው በግቢዬ በር አጠገብ ባለችው የጎረምሳ ጎጆ ውስጥ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተጣቦ ነው። ታላቅ ወንድሙ ኦሉኦች ወጥቶ የራሱን ግቢ ከመሠረተ ቆይቷል። የኦቢዬሮ ተራ ደርሷል፤ እንዲያውም አልፏል። ግን አባት መጥረቢያ ይዞ ጎህ ሲቀድ ካላወጣው፣ የመጀመሪያውን ምሰሶ አባት ካልተከለለት፣ ልጅ ግቢ አለኝ አይልም። አባቱ ሳያወጣው የወጣ ቺራ የሚሉት የወግ መርገም ያገኘዋል። ቺራን ደግሞ ሐኪም አያውቀው፣ ክኒን አይደርስበት።

«አባ፣ ኮረብታው ላይ ያለውን መሬት ያስታውሱታል?»

«የሰጠሁህ እኔ፤ እንዴት እረሳዋለሁ?»

«ዘንድሮ ግቢዬን ልመሥርት። ከዋንጫው ፍጻሜ በኋላ ኳስ አቆማለሁ።»

ሳቅሁ። «ዓሣ ከሐይቅ ጡረታ ይወጣል እንዴ?» አልኩት።

እሱም ሳቀ፤ አልተከራከረኝም። ልጄ ሜዳ ላይ እንጂ እኔ ፊት ተከራክሮ አያውቅም። እኔ ምን ቸገረኝ? ይውጣ። ግን ሰው በድርቅ ጊዜ ከአባቱ ግቢ ከወጣ ድርቁን ይዞት ይሄዳል። መጀመሪያ ያግባ። ገበያ ስወርድ ሴቶቹ «የምቡታ አባት» ብለው ከዓሣው ጭንቅላቱን መርጠው ያስቀሩልኛል፤ ወንዶቹ ከፊት ወንበር ይለቁልኛል። ኳስ ካቆመ ምን ብለው ሊጠሩኝ ነው? ዋሶንጋ? ዋሶንጋ የሚባል በየመንደሩ አለ።

ይህን የመጨረሻውን አትጻፊ።

የአኬዮ ብዕር እዚህ ላይ ቆም አለ። ቀለሙ አስቸግሯት ነው መሰለኝ።

ኤፕሪል 13፣ እሑድ

ባጭሩ። ዜሮ ለዜሮ። የሬዲዮው ባትሪ መሃል ላይ ሞተ። ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ ፀሐይ የለም። ኦንጎሮ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ምቡታ ዛሬም ጾም ዋለ?» አለኝ። ኦንጎሮ ጎረቤቴ ነው። ብስክሌት ይጠግናል፤ ምላሱን ግን የሚጠግንለት ጠፋ።

ኤፕሪል 15፣ ማክሰኞ

ዛሬ በደንብ ጻፊ።

ሾላው ሥር ተቀምጠናል፤ የገበያ ቀን ነው፤ ሰው ሞልቷል። ኦንጎሮ የብስክሌት ሰንሰለት በዘይት እየወለወለ፣ ቀና እንኳ ሳይል «ሰዎች፣ የሐይቁ ነገር ገርሞኛል። ምቡታ የነበረው እኮ ኦሜና ሆነ» አለ። ኦሜና ማለት በመዳፍ የሚዘገን፣ እንደ ጣት ያነሰ ዓሣ ነው። ሁሉም ሳቀ። ጎመን የምትሸጠዋ ሳትቀር ሳቀች።

ተነሣሁ። ስድስቱ የታች ጥርሶቼ ለወንድነት በወጉ የወለቁልኝ ሰው ነኝ፤ ቆሜ ስናገር ይሰማል።

«ስሙ!» አልኩ። «የኦቢዬሮ እግር የመታት ኳስ መረብ በነካች ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ መጥረቢያዬን አንሥቼ አወጣዋለሁ፤ ግቢ አስመሠርተዋለሁ። ያንን ዕለት መላው አገር ይሰማዋል። ከዚያ በፊት ግን መጥረቢያዬ ከግድግዳ አይወርድም! የአባቴ መቃብር ይስማኝ!»

ሳቁ ቆመ። ከሁላችንም የሚበልጠው ሽማግሌ ኦዴራ ምርኩዙን መሬት ላይ ነካ ነካ አድርጎ «ዋሶንጋ፣ ምራቅህን ዋጥ አድርገህ ብትናገር» አለኝ።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!» አልኩት።

እንዴት ያለ ንግግር ነበር! ኦንጎሮ ሰንሰለቱን እንደያዘ ቀረ።

ቤት መጥቼ ለአኬዮ ስነግራት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። «ይህንንም ልጻፍ፣ አባባ?» አለች። በተለይ ይህን አልኳት። ፊደሎቹን ስትጽፍ እንደ ዛሬ ቀስ ብላ አታውቅም።

ኤፕሪል 20፣ እሑድ

ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ዋንጃላ ሁለቱንም። ያቀበለው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የሬዲዮው ሰው ግን ሳይጠየቅ ይለፈልፋል። የኔ ልጅ አንዷን ከጎሉ ቋሚ ብረት ጋር አላትሟታል አሉ። ብረቱ ነው። ብረቱን ያቆመው ሰው ትንሽ ወደ ውጭ ቢተክለው ምን ነበር?

ኤፕሪል 27፣ እሑድ

አንድ ለአንድ። ጎል የለም፤ ማለቴ የኛ ጎል አለ፣ የሱ የለም።

ለራት የበቆሎ ገንፎ ኡጋሊና ጎመን ብቻ ቀረበልኝ። ሐይቅ ዳር ተቀምጠን! የልጆቼን እናት፣ የአሴምቦ አገሯን ልጅ፣ «ዓሣውስ?» አልኳት።

«ሐይቅ ውስጥ።»

«ለምን አልወጣም?»

«ዓሣ ከሐይቅ ጡረታ ይወጣል እንዴ?» ብላኝ ሳህኑን አንሥታ ሄደች።

ይህን አባባል ማን ነገራት? አኬዮ ወደ ደብተሯ አጎንብሳ በጣም ትጽፋለች። የምትጽፈው እኔ ከምናገረው ይበዛ ይሆን እንዴ?

ሜይ 6፣ ማክሰኞ

ኦቢዬሮ መጥቷል። ሱሪውን ሲሰበስብ ጉልበቱን አየሁት፤ ፓፓያ አክሏል። እናቱ ቅቤ እየቀባች ታሸዋለች፤ አትናገርም። የሷ ዝምታ ከኦንጎሮ ምላስ ይብሳል።

«ይህ ጉልበት ምን ሆነ?» አልኩት።

«አርጅቷል፣ አባ። ከኔ ቀድሞ ሳይወለድ አልቀረም።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

አኬዮ ቀድማው መለሰች። «ሌላ ዓመት ከተጫወተ ዕድሜውን ሙሉ በምርኩዝ ነው የሚሄደው ብሏል።» አስተማሪ ስትናገር ክፍሉ ሁሉ ይሰማል፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ዝም አሉ።

ከዚያ ኦቢዬሮ «መሐላዎን ሰምቻለሁ» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ማን ያልነገረኝ አለ? ኪሱሙ ላይ ዓሣ ሻጮቹ ያወሩታል። ተከላካዮቹ ራሳቸው ልብሴን ይዘው እየጎተቱ በጆሮዬ ‹ዛሬም አባትህ ቤት ነው የምታድረው› ይሉኛል። እንዴት አድርጌ ላግባ? ሳቄ ይቀድመኛል።»

መጀመሪያ እሱ ሳቀ፤ ቀጥሎ እኔ። ሴቶቹ አልሳቁም።

«ፍጻሜው ድረስ ካላገባህስ?» አልኩት።

«ሌላ ዓመት እጫወታለኋ። አባቴ በሾላ ሥር የተናገረውን ቃል እንዲበላ አላደርግም።» እንዲህ አለና ሱሪውን ወደ ታች ለቀቀው።

ኩሩ ልጅ ነው። ከማን እንደወረሰው እንጃ።

ሜይ 11፣ እሑድ

ኪሱሙ ሄድኩ። በዓይኔ ላየው ነው። አኬዮ አብራኝ፤ ደብተሩም ቦርሳዋ ውስጥ።

ሜዳው ጢም ብሏል። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ገና ጨዋታው ሳይሞቅ «ሽማግሌውን አስወጡት! ሽማግሌውን!» እያለ ይጮኻል። በምርኩዜ ትከሻውን መታሁት።

«ማን ነው ሽማግሌ?»

ዞር አለና ደነገጠ። «ኧረ እርስዎን አይደለም፣ ጃዱዎንግ፣ የኔ አባት! ምቡታን ነው።»

«እሱን ከሆነማ» ብዬ ደገምኩት።

ግርግር ሆነ። ወዲያው ግን አንዱ «የምቡታ አባት ነው!» ብሎ ጮኸ፤ እንደ ታቦት አንሥተው ከፊተኛው ረድፍ አስቀመጡኝ። የተመታው ጎረምሳ ራሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ኦቾሎኒ ገዝቶ መጣ። እየላጠ ሲያቀብለኝ «ጃዱዎንግ፣ እጅዎ ከልጅዎ እግር ይሻላል» አለኝ። ባለጌ ነው፤ ኦቾሎኒው ግን ጥሩ ነበር።

ልጄ ያው ልጄ ነው። ቆሞ ነው የሚጫወተው። ሌሎቹ ሲሯሯጡ እሱ ቆሞ ዙሪያውን ያያል፤ ከዚያ ኳሷ ስትመጣ አንዴ ነካ ያደርጋትና ዋንጃላ ብቻውን ከበረኛው ጋር ይፋጠጣል። እንደ መርፌ ክር ነው፤ ከተከላካዮቹ መሃል የት ጋ ቀዳዳ እንዳየ አላውቅም። ሁለት ጎል በዚህ ገባ። ሕዝቡ አበደ። እኔ አላጨበጨብኩም። ኦቾሎኒ ይዤ ስለነበር ነው።

ሲያልቅ ወደ ልብስ መቀየሪያው ደረጃ ሲወርድ በጎኑ ነው የወረደው፤ ግድግዳውን በእጁ ይዞ፣ እንደ ሸርጣን። እኔም ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እንዲያ ነኝ። ደረጃው አርጥቦ ነበር። የጫማው ታኬታም ረዥም ነው።

በመልስ ጉዞ ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም። አኬዮ «አባባ፣ ታመሙ?» አለችኝ። ኦቾሎኒው ነው አልኳት።

ሜይ 14፣ ረቡዕ

ኦዴራ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ስለ አንድ ሰው ጉዳይ ላማክረው።

«አንድ ሰው ነው» አልኩት፣ «የሩቅ ሰው፤ አታውቀውም። ሕዝብ ፊት ትንሽ ከረር ያለ ቃል ተናገረ። አሁን ቃሉ ሌላ ሰው ሊጎዳበት ነው። ሽማግሌ ቢሰበሰብ፣ በግ ቢታረድ፣ ቃሉ አይላላም?»

ኦዴራ ምርኩዙን በሁለት እጁ ያዘ። «ይህ የሩቅ ሰው በአባቱ መቃብር ምሏል?»

«ምሏል መሰለኝ።»

«እንግዲህ ለሩቁ ሰው ንገረው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የአባት መቃብር የተጠራበት ቃል በበግ አይመለስም፤ ወይ ይፈጸማል ወይ ይከተላል። ጸልይ በለው።» ከዚያ ቀና ብሎ «ለመሆኑ የሩቁ ሰው ልጅ ጉልበቱ ተሻለው?» አለኝ።

የሰው ምሥጢር የማይጠብቅ መንደር!

ሜይ 25፣ እሑድ

ግማሽ ፍጻሜውን አልፈናል። ኦቢዬሮን ከዕረፍት በኋላ ነው ያስገቡት። አሠልጣኙ «ለፍጻሜው አስቀምጠዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን አዲስ አጥቂ እናመጣለን» ብሏል አሉ። እነሱ ሌላ አጥቂ ያመጣሉ፤ እሱ ደግሞ ለኔ ቃል ሲል በዚያ ጉልበት ሌላ ቡድን ሊለምን ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለአንዲት ጎል ጸለይኩ። ስመለስ ደግሞ ሐይቁ ዳር ከበሮ የሚመታው ሰውዬ ዘንድ ጎራ አልኩ። ሁለቱ አይጣሉም፤ አንዱ በላይ ነው፣ አንዱ በውኃ። ይህን አትጻፊ፤ ቄሱ የተማሪዎችሽን ደብተር ሊያይ ሲመጣ ያገኘዋል።

ጁን 8፣ እሑድ

ዝናብ። ድልድዩን ውኃ ወሰደው። አውቶቡስ የለም። የፊታችን እሑድ ፍጻሜው ኪሱሙ ላይ ነው፤ በጀልባ ካልሆነ መሄጃ የለም። ኦሉኦች «እኔ አደርስዎታለሁ» አለኝ። ሰው በዝቷል ብዬ ቦታዬን ለሌላ ለቀቅሁ። እውነቱን ለመናገር ማዕበል ላይ ሆዴ ይገለበጣል፤ የሐይቅ ዳር ሰው እንዲህ ይሆናል ቢሉ ማን ያምናል? አትጻፊ።

መጥረቢያውን ዛሬ ከግድግዳው ላይ አየሁት። ዝጓል። አልነካሁትም። መሐላ ነው።

ጁን 15፣ እሑድ፣ ማምሻውን

ቶሎ ቶሎ ጻፊ፤ የምንሠራው ብዙ ነው። ግን አንድም አታስቀሪ።

ሾላው ሥር ነን፤ አገር ምድሩ ተሰብስቧል። የኦንጎሮን ሬዲዮ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልነው። የኔን ባትሪ ጨመርኩበት፤ ስለዚህ ሬዲዮው የሁለታችን ነው። ተጋጣሚያችን እነዚያው የሞምባሳ መርከበኞች ናቸው።

ኦቢዬሮ ገና ከጅምሩ ለዋንጃላ አቀበለ፤ ጎል። ሞምባሳዎች አገቡና እኩል ሆንን። ከዕረፍት በኋላ ኦቢዬሮ ሁለት ሰው መሃል አሾልኮ አሁንም ለዋንጃላ፤ ጎል። ቀጥሎ ለክንፉ ተጫዋች በረዥሙ ሰጠው፤ እሱም ጎል። ሦስት ለአንድ!

«ያንን ማቀበል ሰማህ?» ብዬ የኦንጎሮን ጉልበት መታሁት። «ማንም ይመታል! እንዲህ የሚያቀብል ግን የትኛው እናት ወለደች?»

ኦንጎሮ ዓይኔን አየኝና «ማቀበል መምታት ያቃተው ሰው ሥራ ነው ስትል አልነበር?» አለኝ። ይህንንም ሰምቷል። የኔ አጥር ጆሮ አለው።

ሰዓቱ ተገባደደ። ሰው ዋንጫ ዋንጫ እያለ ይዘፍናል፤ እኔ ግን ውስጤ ቀዝቅዟል። ሦስት ጎል ገባ፤ አንዱም የልጄ አይደለም። ይህች ካለቀች ሌላ ዓመት ነው፤ ሌላ ዓመት ማለት ምርኩዝ ነው። አኬዮ ከሴቶቹ መሃል ቆማለች። ሬዲዮውን ሳይሆን እኔን ታያለች።

ሞምባሳዎች የማዕዘን ምት አገኙ። የሬዲዮው ሰው ተገረመ፤ «ምቡታ ምን ሊሠራ ነው እስከ ራሱ በረኛ ድረስ የመጣው? ይህ ሰው ወደዚህ የሜዳ ክፍል መንገዱን ያውቀዋል እንዴ?» አለ። ኳሷ ተሻማች። ጫጫታ። ከዚያ «ምቡታ አወጣት! አላወጣትም! ገባች! ጎል! ምቡታ! ወይ ጉድ፣ በራሱ መረብ! ምቡታ በገዛ ቡድኑ ላይ አገባ!»

ሾላው ሥር ጸጥ አለ። አንድ ሳቅ ብቻ ተሰማ። የአኬዮ ነው። ሌሎቻችን ምን እንደሆነ ሳይገባን እሷ ሳቋን አፏ ላይ በነጠላ ጨርቅ አፍና ትንፈቀፈቃለች።

ቀጥሎ ኦንጎሮ። «ይኸው! ምቡታ የራሱን ጫጩቶች ዋጠ!»

ያን ጊዜ ሕዝቡ ፈነዳ። ሰው መሬት ላይ ተንከባለለ። ጆሮዬ ጋለ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ዛፍ ሥር በልጄ ጎል ደረቴን ስነፋ ኖሬ፣ ዛሬ ተነሥቼ በጓሮ መንገድ ቤቴ ብገባ ማንም አይፈርድብኝም ነበር። ምርኩዜንም አንሥቼ ነበር። ግን ያ የደረጃው ነገር፣ ያ በጎን መውረዱ፣ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ምርኩዜን አስቀመጥኩና ቆምኩ።

«ኦንጎሮ፣ ኳሷን የመታት የማን እግር ነው?»

«የልጅህ ነዋ! ግን...»

«የገባችውስ የት ነው?»

«መረብ ውስጥ፤ ግን የገዛ...»

«እኔ የአባቴን መቃብር ጠርቼ መረብ አልኩ እንጂ የበረኛ ስም ጠራሁ? ኦዴራ፣ ፍረድ።»

ኦዴራ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ትከሻው ይርገፈገፋል። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው። እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ምርኩዙን መሬት ላይ መታ። «ቃሉ ተፈጽሟል። መጥረቢያው ይውረድ።»

«ቆይ» አለ ኦንጎሮ፣ እንባውን በዘይት እጁ እየጠረገ። «በጎሎቹ ሁሉ ስትኮራ ኖርክ። በዚችም ልትኮራ ነው?»

«ከሁሉም አብልጬ» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። ከዚያ ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ሬዲዮውን እንኳ ረስተነው ነበር፤ ሦስት ለሁለት አልቆ ዋንጫው የኛ ሆኗል።

ሲመሽ ኦሉኦች በጀልባ አመጣው። አንገቱ ላይ ሜዳሊያ፣ ጉልበቱ ላይ ፋሻ። ውኃው ዳር ቆሜ ጠበቅሁት።

«እዚያ ምን ልትሠራ ሄድክ?» አልኩት።

«ልከላከል።»

«በሕይወትህ ተከላክለህ አታውቅም።»

«ለዚያ ነዋ የሳትኩት፣ አባ።»

ይህን ብሎ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ሰማዩን አየች። እኔ ምንም አላየሁም። ጻፊው፤ ዋሶንጋ ምንም አላየም።

አሁን ብዕሩን አስቀምጪና እሳት የምትወስጂበትን ገል ፈልጊ። እኔ መጥረቢያውን እስላለሁ።

ጁን 22፣ እሑድ

አንድ ሳምንት አልጻፍንም። ጸሐፊዬ ባለ ግቢ ሆናለች፤ ዛሬ ከኮረብታው ወርዳ ነው የመጣችው። እግሯ ጭቃ ነው፤ ፊቷ ግን የመስታወት ያህል ያበራል። ይህን ስትጽፊ አትሽኮርመሚ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ከፊት እኔ ከነመጥረቢያዬ፤ ቀጥሎ ኦቢዬሮ፤ የበኩር ልጁ አውራ ዶሮውን ታቅፎ፤ ከኋላ አኬዮ ከአማቷ ምድጃ በገል የጫረችውን እሳት ይዛ። ዶሮው የልጁን አፍንጫ ነቆረው፤ ልጁ አለቀሰ፤ ግን አልለቀቀውም። የምቡታ ዘር ነው።

ኮረብታው ዳገት ነው። እኔ በወገቤ፣ ልጄ በጉልበቱ፤ ሁለታችንም በየድንጋዩ እየቆምን።

«ከሁለታችን ማነው ሽማግሌው?» አለኝ።

«አባት ፊት እንዲህ አይባልም» አልኩት፣ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ። ትንሽ እንደሄድን ክንዴን ያዘኝ፤ እኔ ደግሞ የያዝኩት እኔ እንድመስል ጠበቅ አደረግሁት።

መሬቱን መነጠርኩ። የመጀመሪያውን ምሰሶ ተከልኩለት። ቀጥ ብሏል፤ ያልቀጠነ፣ ያልተጣመመ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የሰው ነው፤ ቤቱ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ ወጉ ነው። ከረፋዱ ላይ ዋንጃላና ጓደኞቹ በኦሉኦች ጀልባ መጡ፤ ዋንጫውንም ይዘው። ዋንጃላ ጣራ ሲከድን ሣሩን ዘቅዝቆ አነጠፈው፤ ጎል ከማግባት በቀር ምንም አልተማረም። ኦቢዬሮ ከታች ሆኖ ሣሩን እየጠቀለለ ይወረውርለታል፤ አንዱም ከዋንጃላ እጅ አልሳተም። ቆሜ ሳየው ዋልኩ። ማቀበል... ተዪው፤ ሌላ ጊዜ እናገራለሁ።

ኦንጎሮ ማገሮቹን በብስክሌት ከመነዳሪ አሠራቸው። «ይህ ቤት ቢያዘነብል ተንፍሶ ነው ማለት ነው» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሚስቴ፣ የአሴምቦዋ ልጅ፣ ከታች በድስት ሙሉ ቆሮሶ ዓሣ ይዛ ወጣች፤ ትልቁን አንድ ሙሉ ዓሣ እኔ ሳህን ላይ ገለበጠችው። «ከሐይቅ ጡረታ ወጥቶ ነው» አለችኝ።

ሳይጨልም ተነሣሁ። አባት ልጁ ግቢ አያድርም። ኦቢዬሮ እስከ አዲሱ በሩ ሸኘኝ። እዚያ ቆመና «አባ፣ እሑድ እሑድ ሬዲዮ ሊሰሙ ይምጡ። ልጆች ላሠለጥን ነው፤ ምን እንዳጠፉ ይነግሩኛል» አለኝ። እመጣለሁ አልኩት። ማሠልጠን መጫወት ያቃተው... ተዪው ይህንም።

ቤቴ ስደርስ በሩ አጠገብ ያለችው ጎጆ ጨልማለች። እንደ ልማዴ «ዋላችሁ?» ብዬ አለፍኩ። ማንም የለም። እሷ እንግዲህ አትጠገንም፤ ጣራዋ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ ወጉ ነው። ድጋፍም አላደርግላትም። ትናንት አንድ እንጨት ያስደገፍኩት ዶሮዎቹ እንዳይጎዱ ነው።

በቃኝ። አሁን ብዕሩን አስቀምጪና ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ። አትጻፊ ያልኩሽን ሁሉ እንደጻፍሽው አውቃለሁ፤ እዚያ ስትደርሺም አትዝለዪ። ድምፅሽን ብቻ ዝቅ አድርጊ፤ ኦንጎሮ አጥሩ ሥር ነው።